ቀሪው

በአምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሳፖሮ ከተማ፣
በረዶው ሲወርድ ኮቴው ሳይሰማ፣
ቺዙሩ ማሽኗን ታስተምረዋለች፤
«ማየትን አይደለም፣ መተውን» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ሠላሳ ሥዕል ይመጣል፤
ሁሉን ልላክ ካሉ መተላለፊያው ይታጣል።
ስለዚህ መጭመቂያው አንዱን ብቻ ሙሉ ይጽፋል፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን «እንደ ፊተኛው» ብሎ ያልፋል።
ሰማዩ? እንደ ፊተኛው። ግንቡ? እንደ ፊተኛው።
ጀልባዋ ብቻ ናት ቦታ የለወጠችው፤
ለሷም ቢሆን ትእዛዙ አጭር ነው፦
ከዚህ ቁራጭ አንሣ፣ ሦስት ነጥብ ቀኝ ግፋ፣
አዲስ ቀለም አትግዛ፣ ያለህን አታጥፋ።

ግፊያው ያልሸፈነው ስንጥር ከተረፈ፣
«ቀሪ» ይባላል እሱ፣ በቁጥር ተጻፈ።
ቁጥሩም ይዳኛል፦ ከባዱ ይለፍ፣ ቀላሉ ዜሮ ይሁን፤
ዓይን አይደርስበትም፣ ማን ይጠይቃል ይህን?

ደግሞ አንዳንዱ ሥዕል ተራውን አይጠብቅም፤
ነገን ሳያማክር ዛሬን አያውቅም።
ከኋላው፣ ከፊቱ ተበድሮ ይቆማል፣
ያልመጣውን አይቶ የአሁኑን ይተልማል።

አንድ ጠላት አለው። በረዶ።
እያንዳንዷ ብናኝ በየራሷ ስትሄድ፣
ከየት አንሥቶ ይግፋ? ምኑን ከምን ያዛምድ?
ያን ጊዜ ሥዕሉ ጡብ በጡብ ይሆናል፣
እንደ ረገጡት ንጣፍ ይበታተናል።

ሦስት ክረምት ሠራች ቺዙሩ በዚህ ላይ።
አለቃዋ ኦዳጊሪ፣ «የሚርገበገበውን ሁሉ» አላት፣ «እንደ አቧራ እይ።»
ማጣሪያ ጻፈች። ሕጉ አንዲት መስመር ነች፦
ትንሽና ፈጣን፣ ሄዶ የሚመለስ፣
ሁከት ነው፤ ይለስልስ።
በረዶው ጸጥ አለ። ሥዕሉም ጠራላት።
ኬክ ተቆረሰ፣ ጭብጨባው ደራላት።

አባቷ ዋካናይ፣ ከወደብ አጠገብ፣
ዕድሜውን የፈጀ መረብ ሲተበትብ፣
በየእሑዱ ማታ በስክሪን ይመጣል።
«ደኅና ነህ?» «ደኅና ነኝ።» ኩባያ ይጨብጣል።
እጁ እንደ ድሮው ነው፣ ጽኑ፣ የማይነቃነቅ፤
ከጀርባው መጋረጃ፣ ሰዓት፣ ምንም የማይደንቅ።

በየካቲት ሄደች፣ አምስት ሰዓት ባቡር።
ከበሩ ማዶ ሰማች፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲስት፣ ሲቆረቁር።

እጁን አየችው። ቀኙን።
ትንሽና ፈጣን፣ ሄዶ ይመለሳል፤
ሻይ ሊያቀብላት ሲል ምንጣፍ ላይ ይፈሳል።
«ከመቼ ወዲህ ነው?»
«ካቻምና በመከር ይመስለኛል። መረብ ትቻለሁ።
በስክሪኑ ታዪኝ የለ?
አይተሽ መስሎኝ ነበር።
ስላልጠየቅሽኝ እኔም ዝም አልኩ።»

ሥራ ስትመለስ ያን መስመር ከፈተች፣
ከጎኑ በገዛ ጣቷ የተወችውን ማስታወሻ አነበበች፦
«ሁከት ነው፤ ይለስልስ።»
«ካነሣሽው» አለ ኦዳጊሪ፣ «በረዶው ይመለሳል።»
«ይመለስ።»
«ለሚሊዮን ሰው?»
መልስ አልነበራትም። ሰውየው ልክ ነበር።
ለሁለት ስልክ ብቻ አጠፋችው፣ ለማንም ሳትናገር፤
አንዱ ሳፖሮ፣ አንዱ ከወደቡ መንደር።

እሑድ ማታ መጣ። ግድግዳው ተሰነጠቀ፣
መጋረጃው ፈረሰ፣ ሰዓቱ ደቀቀ፣
መስኮቱ ላይ በረዶው እንደ ጠጠር ተበተነ።
ከዚያ ፍርስራሽ መካከል ቀኝ እጁ፣ ቀሪው፣
ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።

«ፊትሽ ጡብ ጡብ ሆነብኝ» አለ፣ «መስመሩ ነው?»
«አዎ፣ አባዬ። መስመሩ ነው።»
«ይሻሻል ይሆናል።»
ኩባያውን አነሣ። ሻዩ ፈሰሰ።
አየችው።